ባለብርቱካናማ ክዳኑ የኢንሱሊን ሲሪንጅ፦ ስንት ጊዜ ያገለግላል?

በሰሜን ሸዋ ኢንሱሊን በብልቃጥ ለሚወስድ ሰው በብዛት የሚታዘዘው መርፌ ይኸው ነው፤ 1 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ መርፌው ከሲሪንጁ ጋር ተጣብቆ የተሠራ፣ ከፊት ብርቱካናማ ክዳን ያለው። ማሸጊያው ላይ ክብ ውስጥ የተሰረዘ የ2 ቁጥር ታገኛላችሁ። አምራቹ ሁለተኛ እንዳትጠቀሙበት የሚከለክልበት ምልክት ነው። በብዙ ቤት ግን አንዱ ሲሪንጅ ሦስት ቀን፣ ሳምንት፣ አንዳንዴም ቁጥሩ ተፍቆ እስኪጠፋ ይሠራበታል። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። መርፌ የሚጠፋበት ጊዜ አለ፣ ዋጋው ይወደዳል፣ ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ ገጠር ተነስቶ ከተማ ለመድረስ የሚወጣው የመኪና ሒሳብም ቀላል አይደለም።

ፍርዳችንን ከመነሻው እንናገር። ለአንድ ውጋት ዕቃው በጣም ጥሩ ነው። መርፌ ጠፍቶ ግድ ሲሆን፣ ለዚያው ለባለቤቱ ብቻ፣ ለሁለተኛ ውጋት ሊታገሡት ይቻላል። ከዚያ ወዲያ አንመክረውም። ሁለት ሰው እንዲጠቀምበት ግን በምንም ምክንያት አይፈቀድም። አብዛኛው ሰው ደጋግሞ ሲጠቀም የሚፈራው ጀርምን ስለሆነ መርፌውን ይቀቅላል ወይም በአልኮል ይጠርጋል። ዕቃውን ቶሎ የሚያበላሸው ደግሞ ይኸው ማጽዳት ነው።

መጀመሪያ መስመሮቹን እንይ። ሲሪንጁ ላይ «100 ዩኒት በሚሊ ሊትር» የሚል ጽሑፍ መኖር አለበት። በ1 ሚሊ ሊትሩ ላይ ብዙ ጊዜ አንዷ ትንሽ መስመር 2 ዩኒት ናት፤ በግማሽ ሚሊ ሊትሩ ላይ ግን 1 ዩኒት። 15 ዩኒት የታዘዘለት ሰው በ1 ሚሊ ሊትሩ ሲቀዳ መጠኑ በ14 እና በ16 መካከል ባዶ ቦታ ላይ ይውላል፤ ዓይኑ ደከም ያለ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። መጠናችሁ ከ50 ዩኒት በታች ከሆነ ግማሽ ሚሊ ሊትሩ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከተገኘ ለንባብ እጅግ ይሻላል።

ክዳኑ ቀይ የሆነ ሲሪንጅ ካጋጠማችሁ ደግሞ ቁሙ። ብዙውን ጊዜ እሱ በሚሊ ሊትር 40 ዩኒት ለሚይዝ ኢንሱሊን የተሠራ ነው፤ እኛ ጋ የሚሰጠው ብልቃጥ ግን በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት የያዘ ነው። በቀዩ እስከ 20 መስመር ብትቀዱ የገባው ግማሽ ሚሊ ሊትር ነው፤ ማለትም 20 ሳይሆን 50 ዩኒት ወስዳችኋል። ይህ ሰው ራሱን እስኪስት ስኳሩን ሊያወርደው ይችላል። የክዳን ቀለም ከአምራች አምራች ሊለያይ ስለሚችል የመጨረሻው ማረጋገጫ የተጻፈው ቁጥር ነው። «የኢንሱሊኑ አልቋል» ተብሎ መርፌው የሚነቀል 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ወይም ባለ2 እና ባለ5 ሚሊ ሊትር ሲሰጥም አትቀበሉ። ዩኒት አልተጻፈባቸውም፤ በመርፌውና በሲሪንጁ መገናኛ ላይም ፈሳሽ ተርፎ ይቀራል።

አሁን ወደ መርፌው። ቁመቱ 8 ወይም 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ 6 ሚሊ ሜትርም አለ። ውፍረቱ በጌጅ ይነገራል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መርፌው ይቀጥናል። 30 ጌጅ የሚባለው 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጫፉ በሰያፍ ተስሎ፣ ቆዳ ላይ እንዲንሸራተት ላዩ ስስ ሲሊኮን ተቀብቷል። የመጀመሪያው ውጋት እምብዛም የማይሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ያህል የቀጠነ ብረት አንድ ጊዜ የብልቃጡን ጎማ፣ አንድ ጊዜ ቆዳን ካለፈ በኋላ እንደ አዲስ አይሆንም። ሲሊኮኑ ይለቃል፣ ስለቱ ይዶለዱማል፣ ጫፉ በዓይን በማይታይ መጠን ይታጠፋል። ማየት የፈለገ ሊጥለው ያዘጋጀውን ሲሪንጅ ይውሰድና ጫፉን በደረቅ ጥጥ ላይ ቀስ አድርጎ ይጎትተው። ክር ይዞ ከወጣ ጫፉ መንጠቆ ሠርቷል። ያ መንጠቆ ሲገባም ሲወጣም ሥጋ ይቧጭራል፤ መድማቱ፣ መበለዙ፣ «ዛሬስ አቃጠለኝ» የሚባለው ከዚህ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የታጠፈና የተቃና መርፌ ተሰብሮ ቆዳ ውስጥ ሊቀርም ይችላል። ስለዚህ የታጠፈ መርፌ በጣት አይቃናም፤ ይጣላል።

መቀቀሉ ከየት መጣ ቢባል፣ ቀድሞ ሲሪንጅ የመስታወት፣ መርፌውም ወፍራምና የሚሳል ስለነበር እየተቀቀለ ይሠራበት ነበር፤ በዕድሜ የገፉ ታካሚዎችና የቆዩ ድሬሰሮች ያንን ያውቃሉ። የዛሬው ፕላስቲክ ለዚያ አልተሠራም። በፈላ ውኃ ሲገባ ሰውነቱ ሊጣመም፣ የመግፊያው ጎማ ሊላላ ይችላል፤ ጎማው ከላላ አየር ስለሚያስገባ የቀዳችሁት 20 ዩኒት በትክክል 20 አይሆንም። መርፌው ውስጥ የገባ ውኃም እዚያው ይቀርና ከሚቀጥለው ኢንሱሊን ጋር ይቀላቀላል። በአልኮል፣ በአረቄ ወይም በበረኪና መጥረግ ሲሊኮኑን ያጥበዋል፤ ሁለተኛው ውጋት ሊያምም ከሚገባው በላይ ያማል፤ የቁጥሩንም ቀለም ያስለቅቃል። በእሳት ማሳየትማ ብረቱን ያለሰልሰዋል፣ ጥላሸት ያስይዘዋል። ይህ ሁሉ ሲደረግ የተረፈው ጀርም እንኳ መጥፋቱ አይረጋገጥም።

ታዲያ ሳይቀቀል የሚደጋግመው ሰው ሁሉ ለምን አልመገለም? ኢንሱሊን ውስጥ ፌኖል ወይም ሜታክሬዞል የሚባል ማቆያ ስላለ ጀርም እንደልቡ አይራባም፤ ቆዳውም የራሱ የሰውየው ነው። ለዚህ ነው በራስ መርፌ የሚመጣ ኢንፌክሽን ሰው እንደሚፈራው ያልበዛው። ማቆያው ግን ከሌላ ሰው ደም የመጣ ቫይረስን ያጠፋል ብሎ መተማመን አይቻልም። የጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ እንዲሁም ኤችአይቪ በዓይን በማትታይ የደም ጠብታ ይተላለፋሉ። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ፣ ሁለት ስኳር ያለባቸው ወንድማማቾች በአንድ ሲሪንጅ አይወጉም። አንድ ቤት ሁለት ታካሚ ካለ የየራሳቸው ዕቃ በተለያየ ቦታ፣ ስም ተጽፎበት ይቀመጥ። በተጠቀሙበት መርፌ ከጋራ ብልቃጥ መቅዳትም ያው መጋራት ነው፤ መርፌው የነካውን ወደ ብልቃጡ ይዞ ይገባል። ይቺን ብዙ ሰው አያስባትም።

ስለ ብልቃጡ ካነሣን፣ አንድ 10 ሚሊ ሊትር ብልቃጥ 1000 ዩኒት ይይዛል። በቀን 30 ዩኒት የሚወስድ ሰው 33 ቀን ይቆይለታል፤ አንዴ ከተከፈተ በኋላ ግን በአብዛኛው ሊቆይ የሚገባው 28 ቀን ነው (አንዳንዱ ዓይነት ከዚያ ይዘልቃል፤ ውስጥ ያለውን ወረቀት እዩ)። በቀን ሁለቴ ሲቀዳ በ28 ቀን ጎማው 56 ጊዜ ይበሳል። ስለታም መርፌ ሲሆን ጎማው መልሶ ይዘጋል፤ የደነዘው እየሸረፈ ብናኙን ወደ ውስጥ ይጥላል። ብናኝ የሚንሳፈፍበት ብልቃጥ ካያችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል፤ ያ ብልቃጥ ይቀየር። በተጨማሪ መርፌው ቀዳዳ ውስጥ የቀረ ኢንሱሊን ሲደርቅ ይደፍነዋል። ሲደፈን ሰው ኃይል ጨምሮ ይገፋል፤ መጠኑ ገባ አልገባ ሳይታወቅ በመርፌው ዙሪያ ይንጠባጠባል። የዚያ ቀን ስኳር ሲወጣ ደግሞ ጥፋቱ በምግቡ ላይ ይጣላል።

ንጹሑን (እንደ ውኃ የጠራውን፣ ቶሎ የሚሠራውን) እና ነጩን (ደፍረስ ያለውን፣ ቆይቶ የሚሠራውን) ኢንሱሊን በአንድ ሲሪንጅ ቀላቅለው የሚወስዱ ሰዎች ጭራሽ መድገም የለባቸውም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፤ ነጩ በመዳፍ መካከል 10 ጊዜ ይንከባለላል፣ 10 ጊዜ ይገላበጣል፤ በነጩ መጠን ልክ አየር ወደ ነጩ፣ በንጹሑ ልክ አየር ወደ ንጹሑ ይገባል፤ መጀመሪያ ንጹሑ፣ ከዚያ ነጩ ይቀዳል። ሲሪንጁ ያደረ ከሆነ ግን መርፌው ውስጥ የቀረው ነጭ ወደ ንጹሑ ብልቃጥ ሊገባ ይችላል። ይህ ሲደጋገም ንጹሑ ሊደፈርስ፣ ቶሎ መሥራት የሚገባው መድኃኒትም ሊዘገይ ይችላል። የደፈረሰ ንጹሕ ኢንሱሊን አይወሰድም።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ሌላ ነው፤ ጉብታው። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ፣ በተለይም በደነዘ መርፌ መውጋት ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ ያሳብጠዋል። በ2016 የወጣው የኢንሱሊን አወጋግ ዓለም አቀፍ ምክርም መርፌ መደጋገምን ከዚህ ጉብታ ጋር አያይዞ ነው የሚያነሣው። ጉብታው ላይ መውጋት ብዙም አያምም፤ ስለዚህ ታካሚው ወዶት እዚያው ይመላለሳል። ችግሩ ከዚያ የሚገባው ኢንሱሊን አንድ ቀን ዘግይቶ፣ ሌላ ቀን ድንገት መሥራቱ ነው። ስኳሩ ይወጣል፣ ሐኪሙ መጠን ይጨምራል፣ እንደገና ይወጣል። ከዚያ ታካሚው አንድ ቀን ደህና ቆዳ ላይ ይወጋውና የጨመረው መጠን በሙሉ ሲሠራ ስኳሩ ይወድቃል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ራስ መሳት። ምርመራው ቀላል ነው። በተቀመጣችሁበት እጃችሁን በሳሙና አርጥባችሁ ሆዳችሁንና ጭናችሁን ቀስ እያላችሁ ዳስሱ። ለስላሳው ቆዳ መካከል ጠንከር ያለ፣ ከጣት ሥር የሚያብጥ ቦታ ካለ እሱ ነው። እዚያ አትውጉ፤ ወደ ደህናው ቆዳ ከመሄዳችሁ በፊት ግን ክትትል የምታደርጉበትን ባለሙያ አናግሩ፤ መጠኑ ሊቀነስ ይችላልና። ለወደፊቱ ሆድን በአራት ከፍላችሁ በየሳምንቱ አንዱን ክፍል ተጠቀሙ፤ በየውጋቱ መካከልም ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር፣ የአንድ ጣት ስፋት፣ ይኑር።

እንግዲህ መርፌ ጠፍቷል እንበል። በእጅ ያለው 30 ነው፣ ወሩ 30 ቀን ነው፣ ውጋቱ በቀን ሁለት ነው። ማድረግ የሚቻለው የጠዋቱን ሲሪንጅ ለማታ መድገምና በማግስቱ አዲስ መጀመር ነው። «እስከዚህ ድረስ ጉዳት የለውም» ተብሎ የተረጋገጠ ቁጥር የለም፤ ይህ የኛ ወሰን ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው። እጅ በሳሙናና በውኃ ይታጠባል። የሚወጋው ቦታ ንጹሕ ከሆነ አልኮል አያስፈልገውም፤ ካልሆነ በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል። ከተወጋ በኋላ መግፊያው አንድ ሁለቴ አየር ላይ ተገፍቶ የቀረችው ጠብታ ትወጣለች። መርፌው ሳይጠረግ፣ ምንም ሳይነካ ክዳኑ ወዲያው ይደረግለታል። ክዳኑን ወንበር ወይም ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ በአንድ እጅ መርፌውን ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ክዳኑ በጣት ከተያዘ እጅ ይወጋል። ከዚያ ክዳን ባለው ደረቅ ሣጥን ውስጥ፣ በክፍል ሙቀት፣ ልጆች ከማይደርሱበት ይቀመጥ። መርፌው ከታጠፈ፣ ከቆዳና ከብልቃጡ ጎማ ሌላ ጨርቅም ሆነ ጣት ከነካ፣ ደም ወደ ውስጥ ከገባ፣ መስመሮቹ ከደበዘዙ ወይም መግፊያው ከተንገራገጨ ማታውን ሳትጠብቁ ጣሉት።

ይህን እንኳ ማድረግ የማይገባቸው አሉ። እጃቸው ላይ ክፍት ቁስል ያለባቸው፣ ትኩሳት ወይም ሌላ ሕመም የያዛቸው፣ የሰውነታቸው መከላከያ የደከመ፣ ዓይናቸው መስመሩን የማይለይ፣ ንጽሕና ለመጠበቅ ውኃ የቸገራቸው። ልጆችም እንዲሁ፤ ሕፃን አንዴ ካመመው በየቀኑ ውጋት ይሸሻል። ቤት ውስጥ ያለው አዲስ መርፌ ትንሽ ከሆነ ቅድሚያ ለልጁ ይሁን።

የአየሩ ነገር በሰሜን ሸዋ ለብቻው መነገር አለበት፤ በአንድ ዞን ውስጥ ውርጭም ሐሩርም አለና። ደብረ ብርሃን፣ መንዝና አንኮበር ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ሲጥል ብልቃጥ በመስኮት ደፍ ወይም በቆርቆሮ ግድግዳ ሥር አይደር። አንዴ የቀዘቀዘና በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ዋጋ የለውም፤ ነጩ እንደ እርጎ ተቆራርጦ ወይም ብልቃጡ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ይታያል። ሸዋ ሮቢትና ቆላው ላይ ደግሞ ችግሩ ከ30 ዲግሪ በላይ መሞቁ ነው። ማቀዝቀዣ ከሌለ ትልቅና ትንሽ የሸክላ ማሰሮ አንዱን ባንዱ ውስጥ አስቀምጦ በመካከላቸው አሸዋ መሙላት፣ አሸዋውን ጠዋት ማታ ማርጠብ፣ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልሎ በውስጠኛው ማሰሮ ማኖርና በእርጥብ ጨርቅ መክደን ይረዳል። ሲሪንጁ ግን እዚያ አይገባም፤ እርጥበት ለማሸጊያው ጥሩ አይደለም።

ለጠበል ጻድቃኔ ማርያም የሚሄድ ሰውም መርፌውን ቆጥሮ ይያዝ። የ7 ቀን ሱባኤ በቀን ሁለት ውጋት 14 ሲሪንጅ ነው፤ መንገድ ቢዘገይ 4 ጨምሩበት። ሰው የሚበዛበት ቦታ ላይ መርፌ ያለቀበት ታካሚ ከጎኑ ካለው መዋስ ይቃጣዋል፤ ያ እንዳይሆን ትርፍ መያዝ ነው። ኢንሱሊኑም በጠበል ቀናት አይቋረጥም።

በፔን (ኢንሱሊኑ ውስጡ ባለ፣ ብዕር በሚመስል መወጊያ) ለሚወስዱ በአጭሩ፦ የፔኑ መርፌ ተሰክቶበት አይደር፤ አየር ይገባል፣ ኢንሱሊን ይንጠባጠባል፣ የሚቀጥለው መጠን ይጎድላል። መርፌው ተቀይሮም ቢሆን አንድ ፔን ለሁለት ሰው አይሆንም፤ ደም ወደ ኋላ ወደ ካርትሬጁ (ፔኑ ውስጥ ያለው የኢንሱሊን መያዣ) ሊገባ ይችላል።

ዕቃው ላይ የምናነሣው ትልቁ ቅሬታ ሲሪንጁ ሲሸጥ መጣያ አብሮ አለመሰጠቱ ነው። ስለዚህ ወፍራሙን የበረኪና ወይም የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ ከነክዳኑ አስቀምጡ። የውኃ ሃይላንድ ስስ ነው፣ መርፌ ይበሳዋል። «ስለታም ነገር» ብላችሁ ጻፉበት። የሚጣለው ሲሪንጅ ከነመርፌው ይገባል፤ ሳይሰበር፣ ሳይቆረጥ። ሦስት አራተኛ ሲሞላ ክዳኑን አጥብቃችሁ በፕላስተር እሸጉና ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ እዚያ ሴፍቲ ቦክስ (የስለታም ነገር መጣያ ሣጥን) እና ማቃጠያ አለ። ካልቻላችሁ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠይቁ። ሽንት ቤት ጉድጓድ፣ የፍግ ክምር ወይም የኩበት እሳት ውስጥ አይጣልም። ፍጉ በባዶ እግር ይዛቃል፣ በእጅ ይበተናል፤ እሳቱም ፕላስቲኩን አቅልጦ መርፌውን አመድ ውስጥ ይተወዋል፤ አመዱን የምታፍሰው ደግሞ የቤቱ ልጅ ናት።

ሌላ ሰው የተጠቀመበት መርፌ የወጋው ሰው ቦታውን በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፤ አይመጠጥ፣ በኃይል አይጨመቅ፣ በረኪና አይፈሰስበት። ከዚያ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ውጤት የሚኖረው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥርም ይሻላል።